ያልተለቀሰለት ልዑል

«ሙሌ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ላልሞተ ሰው ማልቀስ ኃጢአት አይደለም?» አለችው ገበያነሽ፣ አውቶቡሱ ከማርልቦሮ የገበያ አዳራሽ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ።

ሙሉጌታ ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ የገዛ አፉን ማመን አቅቶታል።

«ልዑሉ የሞተው ድሮ ነው» አላት።

«አንተው አይደለህም እንዴ እንዲህ የሚባል ልዑል በታሪክ አልነበረም ያልከን? ካልነበረ ደግሞ አልሞተም። በባዶ ሰሌን ላይ ላለቅስ ነው ማለት ነው። ልጄ ደጃፌ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሟርት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።»

«አይዞሽ» አላት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ።

ሊሠሩበት የሚሄዱት ፊልም የሐበሻ ንጉሥ ታሪክ ነው ይባል እንጂ፣ ደራሲው ከሦስት ነገሥታት ሕይወት እየቆነጠረ ያቦካው ንጉሥ ነበር። ልጁም፣ እናቱም፣ ጦርነቱም እንደዚያው። የፊልም ሰዎቹ በዚያ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት መስከረም ከካልገሪ ወጣ ብሎ፣ ተራሮቹ ግርጌ፣ አንድ የከብት ማሰማሪያ ተከራይተው ድንኳን ተከሉ። ሣሩ ቢጫ ስለሆነ ወሎ ይመስላል አሉና ወሎ አደረጉት። ለአጃቢነት የከተማውን ሐበሻ ሰበሰቡ። ሆስፒታል የሚሠራው፣ ሆቴል አልጋ የሚያነጥፈው፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጃዝማችና ወይዘሮ ሆኖ አረፈው። ሹመት እንዲህ ረክሶ አያውቅም።

ሙሉጌታ የታሪክ አማካሪ ተብሎ የተቀጠረው ደሴ ሳለ ታሪክ አስተማሪ ስለነበር ነው። እዚህ ታክሲ ይነዳል። ሥራውን ግን ከቀጠሩት ሰዎች ይልቅ እሱ አመነበት። ተራ ወታደር ለብሶት የነበረውን የአንበሳ ለምድ አስወለቀ። ዘውዱ የሩሲያ ነው ብሎ አስቀየረ። የልዑሉን አስከሬን፣ በገለባ የተሞላ አሻንጉሊት ቢሆንም፣ ከተወለወለው የሬሳ ሣጥን አስወጥቶ በሰሌን አስጠቀለለውና አልጋ ላይ አስተኛው። ሴቶቹ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ይስቁበታል፤ በሆዳቸው ግን ይኮሩበት ነበር።

ትልቁ ጠብ የመጣው በለቅሶው ነው። ዳይሬክተሩ ዳግላስ ንግሥቲቱ ከልጇ አልጋ አጠገብ ዝም ብላ እንድትቀመጥ፣ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶችም ድምፅ እንዳያሰሙ ፈለገ። «እነሱ ካለቀሱ ተመልካቹ አያለቅስም። እኔ የምሠራው ፊልም ነው፤ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም» አለ። የሙሉጌታ ደም ፈላ። «በእኛ አገር ልጇ ሞቶ ያላለቀሰችን እናት ራሷ ገደለችው ይሏታል። ንግሥትም ትሁን ድሃ፣ ፊቷን ትነጫለች፣ ደረቷን ትደቃለች፣ ሙሾ ይወርዳል። እናት ዝም የምትልበት ፊልም ከሆነ ስሜን ከውስጡ አውጡልኝ» አለው። ዳግላስ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ሁለት ቀን ሲያስብበት ቆየና «እንግዲያው እውነተኛዋን አልቃሽ አምጣልኝ» አለ።

ሙሉጌታ ገበያነሽን አመጣለት። ቀን ሰንሪጅ ሰፈር ያለው የገበያ አዳራሽ ውስጥ ወለል ስትወለውል ትውላለች፤ ለቅሶ ካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባና ሟቹን በሁለት ስንኝ ብድግ አድርጋ መሐል ቤት ታቆመዋለች። እንባው የደረቀ ሰው ሁሉ እሷ ስትገባ ያለቅሳል። ለፊልሙ ግን አሻፈረኝ ብላ ነበር። «ታሪክ ነው፤ የእናቶቻችን ለቅሶ እንዳይጠፋ ነው» እያለ ደጅ የጠናት እሱ ነው። እሺ ያለችው ለእሱ ስትል ነው፤ እሱንም ልምምድ ላይ አንዲት ቃል አልተነፍስም፣ ካሜራው ሲነሳ አንዴ አልቅሼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ ብላ። ያቺ አንዴ ዛሬ ነበረች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አባይነህ ታክሲው ወደቆመበት መጥተው ከፊት ወንበር ገቡ። ወዴት ልውሰድዎት ቢላቸው የትም አልሄድም አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«የገበያነሽ ልጅ» አሉ። «ፀጋዬ።»

«ቪዛው ተሰረዘ እንዴ?»

«መኪና ተገልብጦ። ናዝሬት መንገድ ላይ። ረቡዕ ዕለት ነው። በማግስቱ ተቀበረ።»

ፀጋዬ አንድ ልጇ ነው። በሱዳን በኩል ስትሰደድ ሁለተኛ ክፍል ጥላው ወጣች። አሁን ጢም ያወጣ ጎረምሳ ሆኖ፣ ስንት ዓመት የተለፋበት ቪዛ ተመትቶለት፣ በሚመጣው ወር ሊገባላት ነበር። ሙሉጌታ በፎቶ ነው የሚያውቀው። ቢሆንም የቆመ መኪና መሪ ጭብጥ አድርጎ ይዞ፣ መልቀቅ አቃተው።

«መርዶው እሑድ ንጋት ላይ ነው» አሉ ጋሽ አባይነህ። «ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሺፍት ላይ ነው። እህቷም ከኤድመንተን የምትገባው ነገ ማታ ነው። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

«ነገ ፊልሙ ላይ ልታለቅስ ነውኮ ጋሼ።»

«ትሂድ እንጂ። ቤት ከዋለች አንዱ ዘመድ ከአዲስ አበባ ይደውልና በስልክ ያፈነዳባታል። አንተ አጠገቧ ሁን፤ ስልክ እንዳትነካ። እሑድ ደግሞ ከፊት የምትሆነው አንተ ነህ። ወዳጇ ነህ።»

«ይህንንስ ይተዉኝ። ከኋላ እቆማለሁ። ከፊት ሆኜ ዓይኗን ማየት አልችልም።»

ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወረዱ።

አሁን አውቶቡሱ ሜዳው ላይ ሲደርስ ነፋስ ድንኳኑን ይደበድበው ነበር። ናሆሚ እየሮጠች መጣች። እዚሁ ካልገሪ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ በዳይሬክተሩና በሐበሾቹ መሐል የምታስተረጉም ልጅ ናት።

«እትዬ ገበያነሽ፣ ዋርድሮብ እዚያ ነው። ነጠላዎን ቼንጅ ያደርጉልዎታል። ግን፣ ላይክ፣ በጣም ዲርቲ ነው፣ ሶሪ።»

«የሐዘን ልብስ ንጹሕ አይሆንም ልጄ» አለቻትና ወደ ሙሉጌታ ዞረች። «ቅዳሜ አይደል? ለፀጋዬ የምደውልበት ቀን ነው። የስልክ ካርዴን ይዣለሁ። እዚያ ቢሮ ስልክ አላቸው አይደል?»

«ለሥራ ብቻ ነው ብለዋል» አለ ሙሉጌታ።

«አንተ ብትጠይቃቸው አይከለክሉህም።»

«ጠይቄያቸው ነበር።»

አልጠየቀም። ገበያነሽ ካርዷን መቀነቷ ውስጥ መልሳ ሸጎጠችና ማታ እደውልለታለሁ ብላ ወደ ልብስ ድንኳኑ ሄደች። ሙሉጌታ እዚያው ቆሞ ቀረ። ተማሪዎቹን በአንዲት ዓመተ ምሕረት ስህተት ሲያስጨንቅ የኖረ ሰው፣ ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ትልቁ ድንኳን ውስጥ መብራት ሲያስተካክሉ ገበያነሽ ከልዑሉ አልጋ ራስጌ ተቀምጣ ጠበቀች። አመድ የመሰለ ነጠላ አልብሰዋታል። ከቶሮንቶ የመጣችው ንግሥቲቱን የምትሠራው ተዋናይት ከግርጌ ተቀምጣ የእጅ ጓንቷን ታወልቃለች። ሙሉጌታ ውሃ ይዞላት ሲቀርብ፣ ገበያነሽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በለሆሳስ ትል ነበር፤

«አልጋው ተነጠፈ፣ ቤቱ ተሰናዳ፤
ምነው የኔ ጌታ፣ ቀረህ እንደ እንግዳ።»

ኩባያውን መልሶ ወደ ራሱ ሳበው።

«ምነው? አልወደድከውም?» አለችው።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከቤቴ ነዋ። ለፀጋዬ የገዛሁት አልጋ ክፍሉ ውስጥ እንደተፈታታ ተቀምጧል፤ የሚገጥምልኝ ሰው አጥቼ። ትናንት ማታ እሱን እያየሁ መጣልኝ። ሙሾ ከሩቅ ካመጡት ልብ አይነካም።» ወዲያው አማተበች። «ክፉ አይንካውና። ለልዑሉ ነው ያልኩት፤ እግዜር ልቤን ያያል።»

ሙሉጌታ ውሃውን አቀበላትና ከድንኳኑ ወጣ። እግሩ ወዴት እንደሚወስደው ሳያውቅ ፈረሶቹ እስከታሰሩበት አጥር ሄደ። ነገ ንጋት ላይ መሬት ወድቃ ስትነሳ የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደሚሆን አሁን ተሰማው። በአፌ ሞትን ጠራሁበት ትላለች። ልጄን በአፌ ገደልኩት ትላለች። የሞተው ረቡዕ ነው፣ አንቺ ያለቀስሽው ቅዳሜ ነው ብሎ የታሪክ አስተማሪ ቀን ቢቆጥርላት፣ እናት በቀን አቆጣጠር አትጽናናም። ይህቺን ሁለት ስንኝ ዕድሜ ልኳን ትሸከማታለች። ያሸከማትም እሱ ነው፤ ደጅ ጠንቶ፣ ታሪክ ነው ብሎ። አጥሩን ተደግፎ፣ ከእንስሳቱ በቀር የሚያየው ሰው ስላልነበረ፣ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

እዚሁ ልንገራት ብሎም አሰበ። መርዶ ግን ሰው ሳይሰበሰብ፣ የሚይዛት ዘመድ አጠገቧ ሳይኖር፣ የቆርቆሮ ዘውድ በደፉ ሰዎች መሐል አይነገርም። ሌላ ሴት ታልቅስ ቢል ደግሞ ገበያነሽ ሞኝ አይደለችም። ለምን እኔ ቀረሁ ብላ አንዴ ዓይኑን ካየች ነገሩ አለቀ። ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም እንዳያለቅስ።

ዳግላስ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ የካሜራውን ቦታ ሲያሳይ አገኘው።

«ስለ ለቅሶው ተሳስቻለሁ» አለው በእንግሊዝኛ።

ዳግላስ እንዳልሰማ ጆሮውን አዘነበለ። «አንተ? ተሳሳትኩ?»

«ንግሥቲቱ አታለቅስም። ሴቶቹም አያለቅሱም። አንተ እንዳልከው ነው።»

«ስሜን አውጡልኝ ብለህኮ ነበር።»

«ያ የተራ ሰው ቤት ልማድ ነው። በቤተ መንግሥት ሞት ይደበቃል፤ ጠላት እንዳይሰማ፣ ጦሩ እንዳይበተን። የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። እነሱም ዝም ይላሉ።»

ግማሹ እውነት ነበር፤ በቤተ መንግሥት ሞት ሲደበቅ ኖሯል። ግን ሰሌኑ ተጠቅልሎ፣ ሴቱ ሁሉ አልጋውን ከብቦ እያየ፣ እናት ዝም አትልም። ይህን ደሴ ላይ ተማሪ ፈተና ላይ ቢጽፈው ኖሮ በቀይ ይሰርዝበት ነበር።

«ይህ መጽሐፍ ላይ አለ?» አለው ዳግላስ።

«አለ» አለ ሙሉጌታ። የለም።

ዳግላስ ፈገግ ሊል ጀምሮ የሙሉጌታን ፊት ሲያይ ተወው። «እያወቁ ዝም ማለት» አለ ለራሱ። «እኔ ካሰብኩትም ይበልጣል።» ከዚያም «አንተም ግባ። ካባ አልብሱት። ከሚያውቁት አንዱ ትሆናለህ» አለው።

ሙሉጌታ እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። የትልቅ ሰው ካባ አለበሱትና ከአልጋው ማዶ፣ ገበያነሽ ትይዩ አቆሙት። ናሆሚ ለሴቶቹ አዲሱን ትእዛዝ በተሰባበረ አማርኛዋ ስትነግራቸው ጉርምርምታ ሆነ። ገበያነሽ ወደ እሱ ቀና አለች።

«የንግሥት ልጅ ሞቶ ዝም? አንተስ ምን አልካቸው?»

«ዝም አይነቅዝም» አላት።

«አንተ ነህ ይህን የምትል?» ብላ አየችው። ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ተረት ይወጣል ብላ አልጠበቀችም።

ካሜራው ተነሳ። ከነፋሱ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ገበያነሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አልጋውን ታያለች። አንድ ጊዜ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ሰሌኑ ከአንድ ወገን ሸርተት ብሎ ኖሮ፣ ልጇን ብርድ እንዳይነካው እንደምታለብስ እናት፣ እጇን ሰዳ አስተካከለችው። ያን ጊዜ የሙሉጌታ እንባ ወረደ። ሊገታው ቢሞክር አልቻለም። በጉንጩ፣ በጢሙ፣ በተውሶው ካባ ላይ ወረደ። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ እሱ ሲዞር አየው፤ ግን ምን ያድርግ።

ዳግላስ በቃ ሲል ፈረንጁም ሐበሻውም አጨበጨበ። አንዱ ደጃዝማች፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ አውቶቡስ የሚነዳው፣ «ሙሉጌታ፣ ሥራህን ስተሃል፤ አክተር ነበርክኮ» ብሎ ጀርባውን መታው።

ሲመለሱ ገበያነሽ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊቷ ፈካ ብሏል።

«እንባህ እንዲህ ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለችው።

«ነፋሱ ነው።»

«እሺ ይሁንልህ፣ ነፋሱ ነው።» ሳቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለታሪኩ ካሰብነው አላማረም። ቆሞ የሚሄድ ሐበሻ ሁሉ ይስቅብናል። ለእኔ ግን ሳላለቅስ መቅረቴ ደስ ብሎኛል። ሆዴ ፈርቶ ነበር ሙሌ። አንተ ነህ አይደል ያስቀረኸው? እግዜር ይስጥህ።»

አሜን ማለት ነበረበት። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ናሆሚ ወንበር ወንበሩን እየያዘች ወደ እነሱ መጣች። «ጋሽ ሙሉጌታ፣ ከፊልሙ ክሬዲት ስሜ ይውጣ ብለው ነበር አይደል? ላስት ዊክ። ስቲል ይውጣ?»

ሙሉጌታ ፊልሙ ያለቀ ቀን ታየው። በየከተማው ያለ ታሪክ አውቃለሁ ባይ፣ ከእሱ ጋር ያስተማሩ ጓደኞቹ ጭምር፣ ያንን ዝምታ ያዩና የትኛው አህያ ነው ይህን የመከራቸው ይላሉ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሚጻፈውን ስም ይፈልጋሉ።

«አይውጣ፣ ይቆይ» አላት።

«አር ዩ ሹር?»

«ይቆይ ልጄ። የታሪክ አማካሪ ብላችሁ ጻፉት።»

ገበያነሽ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «አሃ፤ ስምህን ለማስጠራት ነው ለካ የለሰለስከው። ምን አለ ከመጀመሪያው ብትነግረኝ።»

«ምን ላድርግ፣ ዝና ወዳድ ሆንኩ» አላትና አብሯት ሊስቅ ሞከረ።

አውቶቡሱ ማርልቦሮ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ገበያነሽ ዘንቢሏን አንስታ ቆመችና አንድ ነገር እንዳስታወሰ ሰው ዞረች።

«ነገ ታክሲ ትነዳለህ?»

«አልነዳም።»

«እንግዲያ ና እና ያንን አልጋ ግጠምልኝ። የሚመጣበት ቀን እየደረሰ ነው፤ እንዳይዝረከረክብኝ።»

«እመጣለሁ» አለ። «በጠዋት እመጣለሁ።»

«በጠዋት ስትል በጨለማ እንዳይሆን ደግሞ። ንጋት ላይ በር ሲንኳኳ ልቤ ቀጥ ነው የምትለው፤ የስደተኛ ልብ ታውቃለህ።» ትንሽ አሰበችና ሣቅ አለች። «አንተ መሆንህን ካወቅሁ ግን ግድ የለም። ከፍቼ ሻይ አፈላልሃለሁ።»

መኪና ማቆሚያውን አቋርጣ እስክትታጠፍ ድረስ በዓይኑ ሸኛት። ነጠላዋን እንደ ደኅና ቀን አጣፍታለች። ከዚያ ወደ አዳራሹ በር ሄዶ የሕዝብ ስልኩን አነሳና ጋሽ አባይነህ ቤት ደወለ።

«እንዴት ዋለች?» አሉት።

«ሳታለቅስ ዋለች።»

«ተመስገን። እህቷ መንገድ ላይ ናት። እኛ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እንገናኝና አብረን እንሄዳለን። አንተ እንዳልከው ከኋላ ትቆማለህ።»

«ጋሽ አባይነህ፣ በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ።»

«አልችልም ብለህ ነበርኮ» አሉ ሽማግሌው።

«ብዬ ነበር» አለ ሙሉጌታ። «እኔን ነው የምትጠብቀው።»